ከአልጋ የወደቀችው ጥንቸል

በሰፈራችን በግ ካነከሰ፣ ዶሮ ካንቀላፋች፣ ላም መኖ ካልቀመሰች «እስቲ መምህሩን ጠይቁት» ይባላል። መምህሩ እኔ ነኝ። አርባ ምንጭ ውስጥ ባዮሎጂ ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ይህን ሁሉ ዘመን የእንቁራሪት አንጀት በጠመኔ ስስል ስለኖርኩ የእንስሳ ሕመም የማውቅ ይመስላቸዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ሰው እንዲህ ሲያከብርህ ደግሞ «አላውቅም» ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ በጉ ያነከሰበትን ሰው «ያሳርፉት፣ ይድናል» እለዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በጉ በራሱ ጊዜ ይድናል፤ ምስጋናው ግን ለእኔ ይሆናል።

አንድ ጊዜ ታማሚዋ የገዛ ቤቴ ጥንቸል ሆነች። ሐኪም ያስፈልጋታል ወይስ አያስፈልጋትም ብዬ የምወስነውም እኔው ሆንኩ። ስለዚያ ሳምንት ባለቤቴ የምታውቀው ግማሹን ብቻ ነው። ቀሪውን የምታውቀው ይህን ስታነብ ነው፤ ፊት ለፊት ለመናገር ወኔ አጥቼ በጽሑፍ ማድረጌ ራሱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ይነግራታል።

ጥንቸሏ የልጄ ነበረች። ልጄ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ወደ ሐዋሳ ሲዛወር ዕቃውን ጭኖ ከጨረሰ በኋላ አንዲት ግራጫ ጥንቸል በካርቶን ይዞ መጣና «ይቺን የት ላድርጋት?» አለን። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት ልጄ ካርቶኑን ተቀብላዋለች። ስምም አወጣችላት፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም፣ ከእሷ በቀር ሌላ ሰው እንዲጠራው አትወድም። እኔ የጎጃም ሰው ነኝ፤ ባደግሁበት ቤት ጥንቸል የሚበላም የሚነካም አልነበረም። እናቴ ወሬውን በስልክ ስትሰማ «ልጅቷስ ደህና ናት?» አለችኝ። ባለቤቴ የጨንቻ ልጅ ናት፣ ፕሮቴስታንት ናት፤ ከጥንቸል ጋር የሃይማኖት ጠብ የላትም። የእሷ ጠብ በጎመኗ ምክንያት ነው።

ጥንቸሏ ከሁሉ አብልጣ የምትወደው የሽፈራው ቅጠል ነበር። ልጄ ግቢያችን ውስጥ ካለው የሽፈራው ዛፍ አንዲት ቀንበጥ ቀጨት ስታደርግ ያቺ ከሙዝ ተክላችን ሥር ድምፁን ሰምታ እየዘለለች ትመጣለች። ሌላ ሰው ሲቀጥፍ ትመጣ እንደሆነ አላውቅም፤ እኔ ሞክሬ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ጥንቸሏን አልወዳትም ነበር። ያለ ሥራዋ ቤቴ ገብታ፣ ቤተሰቤ በሙሉ ከእኔ ይልቅ እሷ በልታ እንደሆነ የሚጠይቅ ይመስለኝ ነበር። በጥንቸል መቅናት ያሳፍራል፣ ግን ቀንቼ ነበር።

የሆነው ሐሙስ ቀን ነው። ጠዋት ልነሳ ስል የተማሪዎቼ የፈተና ወረቀት ወለሉ ላይ ተበትኖ አገኘሁት። ማታ ወንበር ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ በሩን ሳልዘጋ የተኛሁትም እኔ ነኝ። ጥንቸሏ ግን ገብታ የአንድ ክፍል ወረቀት ጠርዝ ጠርዙን ግጣዋለች፤ የአንዳንዱን ተማሪ ስም፣ የአንዳንዱን ደግሞ መልሱን። ጮህኩ። ልጄ ጥንቸሏን አቅፋ ጥግ ላይ ቆማ ሳለ፣ ባለቤቴና ከጨንቻ የመጡት አማቴ እየሰሙኝ፣ «ይቺ ጥንቸል አንድ ቀን በእጄ ነው የምትሞተው!» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወረቀቴን ሰብስቤ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ከሰዓት በኋላ ስመለስ ቤት ውስጥ ጠብታ ውሃ የለም። ከተማችን አርባ ምንጭ ነው የሚባለው፣ ሁለት ሐይቅ ከሥሯ ተኝቷል፤ ቧንቧችን ግን ሳምንት ሙሉ ሲያፏጭ ነው የከረመው። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይላል አገሬ፤ ይኸው እኔም በዚህ ዕድሜዬ ቢጫ ጀሪካን ይዤ ቦኖ ውሃ ተሰለፍኩ። ወረፋው ላይ ከፊቴም ከኋላዬም ተማሪዎቼ ናቸው። አንዱ «ቲቸር፣ ዛሬ በተግባር ነው የሚያስተምሩን?» አለ፤ ሌላው «ኤች ቱ ኦ ነው፣ ዝም በል» አለው። ሁሉም ሳቁ፣ እኔም የሳቅኩ መሰልኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሃያ ሊትሩን በትከሻዬ ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ ከሰው ሁሉ ጋር በልቤ እየተጣላሁ ነበር፤ ከልጆቹ ጋር፣ ከቧንቧው ጋር፣ ወደዚህ ከመደቡኝ ሰዎች ጋር።

ግቢ ገብቼ፣ ከኩሽናው ጎን በርሜሉ አጠገብ ደርሼ፣ ጀሪካኑን ከትከሻዬ ወረወርኩት። አስቀመጥኩት ማለት አልችልም። መሬቱን አላየሁም። ከበርሜሉ ጥላ ሥር ቀዝቀዝ ያለ አፈር አለ፣ በሙቀት ቀን ጥንቸሏ እዚያ ትተኛለች፤ ይህንንም አውቅ ነበር።

ድምፅ አወጣች። ጥንቸል ድምፅ እንዳላት በክፍል ውስጥ አስተምሬ አላውቅም። ጀሪካኑን ስገፋው ከወገቧ በታች ተጭኗት ነበር። ለቅጽበት አየችኝ፤ ከዚያም በፊተኛ እግሮቿ እየተሳበች ሙዙ ሥር ገባች። ደም የለም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ግቢው ውስጥ ማንም የለም። ባለቤቴ ገበያ ሄዳለች፣ አማቴ ጓዳ ተኝተዋል፣ ልጄ ሳሎን ውስጥ የቤት ሥራዋን ትሠራለች ብዬ አሰብኩ። ውሃውን በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ለምን አልተናገርክም የሚለኝ ቢኖር መልሴ ይህ ነው፤ ጠዋት «በእጄ ነው የምትሞተው» ብዬ ከሰዓት በኋላ «በስህተት ነው» ብል ማን ያምነኛል? ይህን ምክንያት ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ጥሩ ምክንያት ይመስላል። ግን ቢያምኑኝም ባያምኑኝም፣ ጥንቸሏ በምን እንደተመታች የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አመሻሹ ላይ ልጄ ሽፈራው ቀጨት አደረገች። ጥንቸሏ አልመጣችም። ልጄ ሙዙ ሥር ገብታ አውጥታ አቅፋ አመጣቻት። ጥንቸሏ ዓይኗን ከፍታ ዝም ብላለች፣ ጥርሷን ቀስ አድርጋ ታፋጫለች። ባለቤቴ ነካ አድርጋት «ጆሮዋ ቀዝቅዟል። ሐኪም ጋ እንውሰዳት እንዴ?» አለችኝ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዝም ብላ የተቀመጠች ጥንቸል ያረፈች ጥንቸል እንዳልሆነች መጽሐፍ ሳልገልጥ ማወቅ ነበረብኝ። በአውሬ የሚታደን እንስሳ ሕመሙን ይደብቃል፣ የታመመ መሆኑን ያሳየ ቀን አውሬ ይበላዋልና፤ ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ። እኔ ግን ጣቴን ሆዷ ላይ አድርጌ የማዳምጥ መሰልኩና «ደንግጣ ነው። ትረፍ፣ ጠዋት ትነሳለች» አልኩ። ሐኪም ፊት ከቀረብኩ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን እንደሚሆን አውቅ ነበር፤ «ምን ሆና ነው?»

ዓርብ ጠዋት አልተነሳችም። ለቁርስ እንደተቀመጥን አማቴ ካርቶኗ ውስጥ የተኛችውን ጥንቸል ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። አማቴ ጨንቻ ተወልደው ጨንቻ ያረጁ ሴት ናቸው፤ ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው የእኛን ሙቀት እየረገሙ የሰነበቱ። እኔ አንቱ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አንተ ይሉኛል፤ አማርኛቸው እንደዚያ ነው፣ እኔም ለምጄዋለሁ።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «ጥንቸሉ አይበላም። ይሄ ዝም ብሎ አይመጣም። ማነው ያደረገ? ይናገር።»

በጋሞ ጎሜ የሚሉት ነገር አለ። ሰው የማይደረገውን አድርጎ ከደበቀ፣ የደበቀው ነገር ዞሮ በከብቱ ወይም በልጁ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ በሽታ ሲገባ ሁሉም ይቀመጥና እያንዳንዱ የደበቀውን ይናገራል። ካልተነገረ አይድንም። ባለቤቴ አንገቷን ደፋች፤ በእኔ ፊት እንዲህ ዓይነት ነገር ሲነሳ ታፍራለች። «እማዬ፣ እሱን እኮ ትተነዋል» አለቻቸው።

«ጎሜ ትተናል፣ ጌታ ይመስገን» አሉ አማቴ። «እውነት መናገር ግን አልተውንም። ሰው ደብቆ ከያዘ፣ ከብት አይድንም።»

እኔ ሳቅኩ። «እማማ፣ ጥንቸሏ እኮ ጋሞ አይደለችም፤ ጎሜው አይዛትም» አልኩ። ባለቤቴ ሳትወድ ፈገግ አለች። አማቴ አልሳቁም። በራሳቸው ጀመሩ። «እኔ ረቡዕ ከጎመን ላይ በእግር ገፋሁት። በቀስታ ነው። የኔ ይሄ ነው።» ከዚያ ልጃቸውን አዩ። ባለቤቴ፣ ድግሪ ያላት የመንግሥት ሠራተኛ፣ እንደ ትንሽ ልጅ «እኔ ማክሰኞ በመጥረጊያ አባርሬያታለሁ፤ አልነካኋትም» አለች። ከዚያ አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ?»

«እኔ ትናንት ውሃ ወረፋ ላይ ነበርኩ» አልኩ።

እውነት ነው፤ ነበርኩ። እንዲህ ያለውን መልስ ከተማሪ ባገኝ ዜሮ እሰጠዋለሁ። ልጄ ከጎኔ ተቀምጣለች። ዳቦዋን አስቀምጣ ወደ እኔ አየች፣ ረጅም ጊዜ። የአያቷ ነገር አስፈርቷት ነው ብዬ ራሷን ዳበስኩላት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከአልጋ ላይ ጣልኳት።»

እናቷ ብድግ አለች። «ስንት ጊዜ አልጋ ላይ አታውጫት አልኩሽ! ትናንት ማታ ዝም ብለሽ ስታዪን ነበር እንዴ?» ጮኸችባት፤ ለቅዳሜ የመዘምራን ልምምድም አትሄጂም አለቻት። ልጄ ያን ልምምድ ሳምንቱን ሙሉ ትጠብቀዋለች። አላለቀሰችም። አማቴ ግን ስበው ደረታቸው ላይ አስጠጓትና «ጎበዝ። ተናገርሽ። አሁን ይድናል» አሏት። ልጄም አንገታቸው ሥር ሆና ካርቶኑን አየች፣ ጥንቸሏ አሁኑኑ ዘላ የምትወጣ ይመስል።

እኔ ምን ተሰማኝ? እፎይታ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ የማልረሳውና ራሴን ይቅር የማልልበት ይህ ነው። ልጄ ስትገሠጽ እየሰማሁ፣ ምናልባት ከእኔ በፊት ከአልጋ ወድቃ ተሰብራ ይሆናል፣ ጀሪካኑ የነካት ትንሽ ይሆናል ብዬ በአንድ ትንፋሽ አዲስ ታሪክ ሠራሁ፤ ሠርቼም አመንኩት። ወዲያው የባለሙያ ድምፄን አወጣሁ። «ከአልጋ ከሆነማ ምንም አይደል። አልጋው ከጉልበቴ አይበልጥም፣ ጥንቸል ከዚያ በላይ ትዘላለች። ወለም ብሏት ነው። ሐኪም አያስፈልጋትም» አልኩ። ዓርብ በዚህ አለፈ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቴ ግቢውን ልትጠርግ ወጥታ መጥረጊያውን እንደያዘች ቆመች። «ግቢው ንጹሕ ነው» አለች። ጥንቸሏ በየቀኑ እንደ ሽንብራ የምትበትነው ፍግ ከሐሙስ ጀምሮ የለም ማለቷ ነው። ምግብ ያልገባበት፣ ምንም ያልወጣው ሆድ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ድግሪ አያስፈልግም፤ መጥረጊያ ይበቃል። ዞር ስል ልጄ ጥንቸሏን በአያቷ ጋቢ ጠቅልላ፣ ጫማዋን አጥልቃ፣ የግቢው በር ላይ ቆማለች። ቆማ ትጠብቀኛለች።

የመንግሥት የእንስሳት ክሊኒክ ቅዳሜ ዝግ ነው፤ በባጃጅ ወደ ታችኛው የከተማው ክፍል፣ ወደ ሲቀላ ወረድን፣ አንዲት ሐኪም የከፈተችው የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለ። በሩ ላይ ከካምባ የመጡ ገበሬዎች የከብት መድኃኒት ለመግዛት ተደግፈው ቆመዋል። አንዱ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየና «ይሄን ልታሳክሙ? በሬ መስሎኝ!» አለ። ሳቁ ተነሳ። አንገቴን ቀብሬ ገባሁ። ሐኪሟ ቀና ብላ ስታየኝ ብድግ አለች። «ቲቸር!»

ተማሪዬ ነበረች። ከፊት ወንበር የምትቀመጥ፣ ያላየችውን የማትጽፍ ልጅ። «ያላያችሁትን አትጻፉ፣ ያያችሁትን አትደብቁ» እያልኩ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

ጥንቸሏን ጠረጴዛ ላይ አስተኝታ በጥንቃቄ ዳሰሰቻት። የኋላ እግሯን ቆንጠጥ አደረገች፣ ሆዷን ጫን አለች፣ ፊቷ ተለወጠ። «ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ጥንቸል አክሜ አላውቅም፣ የተማርነውም ጥቂት ነው። ምን ሆና ነው?»

እኔ ዝም አልኩ። ልጄ «ከአልጋ ወድቃ ነው» አለች።

«ከአልጋ ብቻ?» ሐኪሟ ወደ እኔ ነው የምታየው። «እንዲህ የምለው፣ ከባድ ነገር ወድቆባት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ያኔ የማስበው ጀርባዋንና ፊኛዋን ነው። ሽንቷን ራሳችን ማውጣት፣ ፈሳሽ መስጠት፣ ዛሬውኑ እዚህ አቆይቼ መከታተል አለብኝ። ከአልጋ ከሆነ ግን ያን ያህል ማንገላታቱ ራሱ በድንጋጤ ሊገድላት ይችላል። የሕመም ማስታገሻ ወግቼ፣ ሞቅ አድርጋችሁ ብታቆዩአት ይሻላል። ከባድ ነገር አልወደቀባትም አይደል፣ ቲቸር?»

በሩ ላይ ገበሬዎቹ አሉ። ጠረጴዛው አጠገብ ልጄ አለች። ፊት ለፊቴ፣ ከሰው ሁሉ አብልጣ የምታምነኝ ተማሪዬ አለች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዝም ማለቴ እንጂ መዋሸቴ አልነበረም ብዬ ራሴን ሳጽናና ነበር።

«አልወደቀባትም» አልኩ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። «እርስዎ ካሉ እሺ» አለችና መርፌውን ወጋቻት። ሽንት ካልሸናች እስከ ነገ አትጠብቁ፣ ደውሉልኝ ብላ ስልኳን ሰጠችን። ማታ ጋቢው ረጠብ ያለ መሰለኝ፤ ሸንታለች አልኳቸው። ልጄ በጡጦ ያጠጣቻት ውሃ ፈስሶ ይሁን ሽንት ይሁን አሽትቼ እንኳ አላየሁም፤ ማሽተት ማለት ማወቅ ነበር።

እሑድ ጠዋት ሦስቱም ወደ ጸሎት ቤታቸው ሄዱ። እኔ ቅዳሴ ቀርቼ ቤት ዋልኩ፣ ጥንቸሏን እጠብቃለሁ ብዬ። ረፋዱ ላይ መተንፈሷ ተለወጠ። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ ቀድሞ ያን ሆድ ዳስሼ «ደንግጣ ነው» ያልኩት እኔ ነኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሄጄ የሽፈራው ቀንበጥ ቀጨት አድርጌ አመጣሁላት። አፍንጫዋ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

«እኔ ነኝ» አልኳት። ከማለቴ በፊት ግን የግቢውን በር ዞር ብዬ አይቼ ነበር።

ሲመለሱ ሞታለች። ሙዙ ሥር ጉድጓድ ቆፈርኩ፤ ቆፋሪነቱን ማንም አልተሻማኝም። ልጄ ጋቢውን ፈትታ፣ አጥፋ ለአያቷ መለሰችላቸውና ጥንቸሏን በትምህርት ቤት ሹራቧ ጠቀለለቻት። አማቴ አፈሩ ሲመለስ እጃቸውን አጣምረው ቆመው አዩ። «ተነግሮ ነበር እኮ» አሉ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ። «እውነት ከተነገረ፣ ለምን ሞተ?» ከዚያ ዓይናቸውን ከአፈሩ አንስተው እኔ ላይ አሳረፉት። ሕክምናቸው ሳያልቅ ማክሰኞ ወደ ጨንቻ ተመለሱ፤ ሙቀቱ አልቻልኩም አሉ።

ሐኪሟ ሰኞ ደወለች። ሞተች ስላት አዝና «ቲቸር፣ እኔ ጋ ብትቆይም ላትድን ትችል ነበር» አለችኝ። ይህን ቃል ለወራት እንደ ምርኩዝ ይዤው ዞሬያለሁ። ላትድን ትችል ነበር። ልትድንም ትችል ነበር፤ ይኸኛውን ግን እሷም አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ቤቱ ወደ ልማዱ ተመለሰ። ባለቤቴ ጎመኗ አማረላት። ልጄ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ትበላለች፣ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ ልጅ ቶሎ ይረሳል አልን። እኔም እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ያረጀ ተረት አድርጌ፣ በዝምታዬ መጽናናት ጀምሬ ነበር።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቧንቧው እንደገና ማፏጨት ጀመረ። ያንኑ ቢጫ ጀሪካን ይዤ ተሰለፍኩ፣ ያንኑ ዳገት ወጣሁ። የግቢውን በር በእግሬ ገፍቼ ስገባ ልጄ ከሳሎን ሮጣ ወጣች። ሰላም ልትለኝ መስሎኝ ነበር። አልፋኝ ሄዳ በርሜሉ አጠገብ በጉልበቷ ተንበረከከች። ከበርሜሉ ጥላ ሥር አየች፣ ከኋላው አየች፣ እጇን ሰድዳ አፈሩን ዳሰሰች። ከዚያ ተነስታ ገለል አለች።

«አሁን አስቀምጠው፣ አባዬ። ምንም የለም።»

ጀሪካኑ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ቀረሁ። ሳሎኑን ዞር ብዬ አየሁት። የቤት ሥራዋን የምትሠራበት ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር ነው፤ መስኮቱ በርሜሉን ያያል። ጠረጴዛውን እዚያ ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ብርሃን እንዲያገኛት።

«አይተሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ከአልጋ ጣልኳት አልሽ?»

እንደ ቀላል ጥያቄ ነው የመለሰችልኝ። «አያቴ ሁሉም ካልተናገረ አትድንም አለች። አያቴ ተናገረች፣ እማዬ ተናገረች። አንተ አልተናገርክም። ስለዚህ ያንተን እኔ ተናገርኩልህ። ግን ጀሪካን ካልኩ እነሱ ይቆጡሃል ብዬ አልጋ አልኩ።»

ጀሪካኑን ቀስ ብዬ አወረድኩት። ልናገር የምፈልገው ብዙ ነበር፤ ይቅርታ ከሚለው ቃል ጀምሮ። ከመናገሬ በፊት ግን እሷ ቀደመችኝ። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ሁለት ወር ሙሉ ስታብሰለስለው የኖረችው ይህን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

«አባዬ፣ የሞተችው እኔ ስለዋሸሁ ነው?»

የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ሐኪሟ ጠረጴዛ ላይ የጠየቀችውን ጥያቄ አስታውሳለሁ፣ ልጄ የመለሰችውን አስታውሳለሁ፣ እኔ ያጸደቅሁትን አስታውሳለሁ። እውነተኛው መልስ ሐኪሟን ያሳሳተውን የእሷን «ከአልጋ» የሚያካትት አንድ ሐረግ ነበረው፣ ያን ሐረግ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ የሚናገር አባት የለም፤ ቀሪውን፣ የእኔን ድርሻ፣ ግን ልናገረው ይገባ ነበር። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ዋጥኳቸው።

«አይደለም» አልኳት። «ማንም ምንም ቢል አትድንም ነበር።»

ፊቴን አየችው፣ ያን ጠዋት ቁርስ ላይ እንዳየችኝ አድርጋ።

«አንተ ካልክ እሺ» አለችና የጀሪካኑን ክዳን ልትከፍትልኝ ጎንበስ አለች።